ፈረሱ በገዛ ፈቃዱ አልተሻገረም

ባለፈው የዝናብ ወራት ከንጉሡ ከተማ ከፓታሊፑትራ የመጣ አንድ ባለቅኔ ገዳማችን ደጃፍ ተጠልሎ፣ የሰጠነውን ሩዝና ምስር ጠግቦ ከበላ በኋላ፣ ለአዲስ የድንጋይ ዓምድ ያዘጋጀውን ውዳሴ አነበበልን። የጉፕታን ቤት ከሥሩ ይቆጥራል። የመጀመሪያው አባት በጋንጋ ወንዝ ዳር ጥቂት መንደሮች ብቻ ነበሩት። የልጅ ልጁ ከታላቅ ቤት ሴት አግብቶ ሜዳውን ጠቀለለ። ከእሷ የተወለደው፣ የዛሬው ንጉሥ አያት፣ የሰሜኑን ነገሥታት እንደ አረም ነቀላቸው፤ የደቡቡን ማርኮ ለቀቃቸው፤ የጫካ ገዢዎችን አሽከር አደረጋቸው። ወደ ዳር አገር፣ ወደ እኛ ሲደርስ ባለቅኔው ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ግንባሩ ላይ ወርቅ አስሮ ፈረሱን ለቀቀው። ፈረሱም በገዛ ፈቃዱ ሄደ። የረገጠው ምድር ሁሉ፣ ያለ ጦር፣ ያለ ደም፣ ጌታውን አወቀ።"

እህቶቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አልዋሽም፣ ስንኙ ያምራል። ስንኝ የሚያምረው እንዲህ ያለ ነገር ሲዋሹበት ነው።

"ስህተት አለበት" አልኩት።

"የቱ ጋ እማሆይ?"

"'በገዛ ፈቃዱ' ያልክበት።"

ሳቀ። ጥርሱ የቤተ መንግሥት ጥርስ ነው። "ምነው፣ ፈረሱን ጠይቀውት ነው?"

"አብልቼው ነው።"

ሳቁን አላቆመም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናገራለሁ፤ የእሱ ዓምድ ከቆመ የኔም አፍ አልተዘጋም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እኛ ሳላቫዎች ንጉሥ አልነበረንም። ይህን የሚሰሙ የዛሬ ልጆች እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፣ አባት የለንም ያልኳቸው ይመስል። እኛ የነበረን ሸንጎ ነው። ዛፍ በሚያክሉ ምሰሶዎች የቆመ አዳራሽ፣ በውስጡም መሬት ላይ እኩል የሚቀመጡ ሰዎች። የሸንጎው መሪ ሽማግሌው አርያሚትራ ነበሩ። አንድ ነገር ሲቀርብ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፦ "የሚስማማ ዝም ይበል፤ የሚቃወም ይናገር።" ከመንደሩ አንድ ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ልጅም፣ "እቃወማለሁ" ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። እንደገና ይመረመራል፣ ድምፅ የሚሰጥበት ባለቀለም እንጨት ይታደላል፣ ይቆጠራል። ማንም የማይናገር ከሆነ ግን ሦስተኛው ዝምታ ሕግ ነው።

ይህን ሕግ ከጡት ጋር ነው የጠባነው። የአክስቴ የሬቫ ልጅ ቡዲላ፣ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እቤት ውስጥ ሁልጊዜ በአርያሚትራ ድምፅ ይቀልድ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ስለሞተች አባቴና እኔ የምንኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። ቡዲላ ጎንበስ ብሎ፣ ጺም እንዳለው ሰው አገጩን እየጎተተ፦

"ሸንጎው ይስማ! ቫሱላ እርጎውን ጨርሳለች። ከዛሬ ጀምሮ ከድመቷ ጋር ትተኛ። የሚቃወም ይናገር!"

"እቃወማለሁ!" እጮኻለሁ፤ አፌ ዙሪያ እርጎ እያለ።

"ተቃዋሚ አለ! ጉድ ፈላ! እንጨቱን አምጡ!"

አባቴ ይስቃል። ናንዲሴና ይባላል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ስለዚህ ሕጉን አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ይህን አሁን የማነሳው ኋላ ማንም፣ ራሴም ብሆን፣ በዚህ በኩል እንዳያመልጥ ነው።

ፈረሱ የመጣው ገብሱ ጉልበት ባለፈ ሰሞን ነው። በወንዛችን ማዶ፣ አሸዋው ላይ ቆመ። ነጭ ሆኖ አንገቱ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ የወርቅ ቅጠል የሚያበራ። ከኋላው መቶ አጃቢ ፈረሶች፣ ከነሱ ኋላ አራት መቶ ባለ ቀስትና ባለ ጦር። ወንዙ በዚያ ወራት የልጅ ጉልበት አይደርስም። እኔ ያየሁት አንድ ጌታና አራት መቶ አሽከሮች ነው። አሽከሮቹ ሲቀመጥ ይቀመጣሉ፣ ሲራመድ ይነሳሉ፣ ቢያስነጥስ የሚያስነጥሱ ይመስላሉ። በሕይወቴ እንዲህ የሚያስቅ ነገር አላየሁም ነበር። ትልልቆቹ ግን አንዳቸውም አልሳቁም።

በዚያው ቀን ሸንጎ ተቀመጠ። ልጆች በበሩ በኩል መስማት አይከለከሉም። ግማሹ አልገባኝም። "ቢታሰር ጦር ነው" ይላል አንዱ። "ካልታሰረስ ባርነት ነው" ይላል ሌላው። "የሚዞርበት ዓመት እስኪሞላ ስንት ቀን ቀረው?" "አሥራ ሁለት፣ እስከ ሙሉ ጨረቃ።" ከዚያ አባቴ ተነሳ። አባቴ በሸንጎ ሲናገር መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"አናስረው። አንንካው። ግን የሚበላው አያግኝ። መጎተትም መንዳትም በነሱ ሕግ ክልክል ነው። ዓመቱ ሳይሞላ ወዶ ካልገባ የነሱ አይደለንም። ከወንዙ ወዲህ ያለው ገብስ ዛሬ ይታጨድ፣ ከብቱ ሣሩን ይጨርሰው። እንግዳው ይራብ። ሲርበው ወደ መጣበት ይመለሳል።"

"ገብሱ እኮ ገና እሸት እንኳ አልያዘም" አሉ አርያሚትራ። "ምን ልንበላ ነው?"

"አንድ ዓመት እንራባለን። ልጆቻችን ግን እንዲህ ተቀምጠው ይከራከራሉ።"

ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ሦስት ጊዜ ዝም ተባለ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዤ የሄድኩት ሁለት ቃል ነው፦ እንግዳው ይራብ። ይህን ያለው ደግሞ የገዛ አባቴ ነው! ደጃችን የቆመ ለማኝ እንኳ ሳይበላ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ወጣሁ፤ አፍሬበት።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ያልደረሰ ገብስ ሲያጭድ ዋለ። አክስቴ ሬቫ በማጭዷ እያጨደች ታለቅስ ነበር።

"አክስቴ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"ጤዛ ነው። ሂጂ ፍየሎቹን አባሪ።"

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ ጤዛ የለም። ለጋውን ገብስ ተሸክመን ጓሮ ከመርነው። ከወንዙ ዳር እስከ መንደሩ አፍ ድረስ መሬቱ ተላጨ።

"አይዞሽ" አለኝ ቡዲላ በትከሻው ተሸክሞኝ። "ጨረቃዋ ስትሞላ ሾልኬ በፈረሱ ላይ ፊጥ እላለሁ፤ ፓታሊፑትራ ድረስ ጋልቤ ንጉሡን 'ቫሱላ ሰላም ብላሃለች' እልልሻለሁ።"

"ይዘህ እርጎ ታመጣለህ?"

"አይ ሆድሽ! በፈረስ ላይ እርጎ ቅቤ ሆኖ ነው የሚደርሰው።"

አመንኩት። የእሱን ቀልድና እውነት የምለይበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። የማዶውን ሣር መቶዎቹ አጃቢዎች ጨርሰውት ነበር። ነጩ ፈረስ ጎኑ ገባ፤ አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ትልልቆቹ ይህን እያዩ ሲንሾካሾኩ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር በርቶ አይ ነበር። ዛሬ ያ ነገር ተስፋ እንደነበረ አውቃለሁ። ያኔ ግን በተራበ እንስሳ ደስ የሚላቸው ክፉ ሰዎች መካከል የተወለድኩ መሰለኝ።

በአሥረኛው ቀን ሁሉም ሸንጎ ሲገባ ወንዙን ተሻገርኩ። አሸዋው ላይ የተቀመጠ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ እግሩ የተወለጋገደ ሽማግሌ አገኘሁ። ኬሻታ እባላለሁ አለኝ። የፈረሱ ባልደራስ ነው።

"ይሄ ሁሉ ሰው የሱ አሽከር ነው?"

"ሁላችንም። እኔ ከሁሉም እታች ነኝ፤ ጭራውን ነው የማገለግለው።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ድዱን አሳየኝ።

"ታዲያ ለምን ሣር ወዳለበት አትወስዱትም?"

"መጎተት የለም የኔ እመቤት። የጎተተው አንገቱን ያጣል። ከሰፈሩ የሚሰጠውም የለም፤ ራሱ ያገኘውን ብቻ ነው የሚበላ። እንዲህ ነው ሥርዓቱ።"

"በረሃብ ቢሞትስ?"

"ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል።"

"እቤቱ ይበላል?"

ኬሻታ ፈረሱን አየ። "እንዴታ" አለ። "ትልቅ ድግስ ነው የሚጠብቀው።"

እፎይ አልኩ። ድግሱ የማን ሥጋ እንደሆነ ያወቅኩት ፊደል ቆጥሬ የፈረሱን መሥዋዕት መጽሐፍ በራሴ ዓይን ባነበብኩ ጊዜ ነው። ያን ሽማግሌ ሃምሳ ዓመት ስረግመው ኖሬያለሁ፤ ሆኖም አንድ ቃል እንኳ አልዋሸኝም። ስነሳ ከኋላዬ ያለኝም እውነት ነበር፦

"እኛን ነው የከለከሉን። አንዲት ልጅ ፈረስ ብትወድ ግን ማን ይከለክላታል?"

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ከጓሮው ክምር ገብስ በነጠላዬ ሙሉ አቀፍኩ፤ ለጋ ስለነበረ ገና አልደረቀም፣ ይሸታል። ውሃው እንደ መርፌ ነው። ፈረሱ ሲያየኝ ጆሮውን አቆመ። ከእጄ በላ። ከንፈሩ ትኩስ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል። ያቀፍኩት ሊያልቅ ሲል ጓሮ ሌላ እንዳለ ትዝ አለኝ። የቀረውን አንድ አንድ ጭብጥ እየጣልኩ ወደ ኋላ ተራመድኩ፣ "ና፣ ና የኔ ጌታ" እያልኩ። ተከተለኝ። ውሃው ውስጥ ገባ። ጭቃው አንድ እግሬን ይዞ ሲለቀኝ የነሐስ አልቦዬ ወለቀ፤ ሻኩራው ቅጭል ሲል ሰማሁ፣ ግን ጎንበስ አላልኩም። ፈረሱ ወዲህኛውን ዳር ሲረግጥ ከማዶ አራት መቶ ሰዎች አንድ ላይ ተነሱ። ማንም አልጮኸም። ያ ነው ያስፈራኝ። የጦር ጫፍ ብቻ፣ እንደ ቄጤማ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ኬሻታ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

አክስቴ የገብሱን መጉደል አይታ እንዳትቆጣኝ ሮጬ እቤት ገባሁ፤ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። የተራበ እንግዳ አብልቻለሁ። ልቤ በኩራት ይመታ ነበር።

ጩኸት ሰማሁ። ሩጫ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አጠገቤ ተንበርክኮ ብርድ ልብሱን ገለጠ። እግሬን አየ።

"አልቦሽ የት አለ?"

"የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ወደቀ" አልኩ። የመጀመሪያው የመጣልኝ ውሸት ነው።

ዓይኑን ጨፈነ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ጎሽ" አለኝ። "ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ እንዲሁ በይ። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አትናገሪ። ማይልኝ።"

"ቡዲላስ?"

"ወንዝ ወርዷል።"

ማልኩለት። ቡዲላ እንዳለው ፈረሱ ላይ ፊጥ ብሎ ወደ ፓታሊፑትራ መሄዱ ነው ብዬ ሳልሰናበተው በመሄዱ ተቀየምኩ። ለካ ቡዲላና ሁለት ጓደኞቹ የፈረሱን ጋማ ይዘው ወደ ማዶ ሊመልሱት ሲሉ፣ ዳሩ ላይ፣ በቀስት ተወግተው ወድቀው ነበር። "ያለ ጦር፣ ያለ ደም" ላለኝ ባለቅኔ ይህን ነግሬዋለሁ። ሦስት ወጣት ለስንኙ ይበዛበታል አለኝ፤ ምቱን ይሰብራል።

አዳራሹ ያን ቀን ሞልቶ በሩ ላይ መቆሚያ አልነበረም። በሰዎች እግር መካከል ሾልኬ ምሰሶ ሥር ቆምኩ። አክስቴ ሬቫ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ማጭዷ እጇ ውስጥ ነው፣ ፀጉሯ ተበትኗል። አርያሚትራ አንድ ጭብጥ ለጋ ገብስ ከፍ አድርገው አሳዩ።

"ይህ ከወንዙ እስከ መንደር መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ፈረሱ አልተሻገረም፤ ተመርቷል። ከእኛ በአንዱ እጅ። ማን ነው?"

ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ሊያመሰግኑኝ ነው! አባቴን ፈለግኩ፤ ምስጢሩን ልናገር ወይ ብዬ በዓይኔ ልጠይቀው። እሱ ግን አላየኝም። ተነሳ።

"እኔ ነኝ።"

"ናንዲሴና" አሉ አርያሚትራ ቀስ ብለው። "ገብሱ ይታጨድ ያልከው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ። ኋላ ፈራሁ። ከጦር ግብር ይሻላል አልኩ። ገብሱን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ለመማል ቀኝ እጁን አነሳ። በጣቶቹ መካከል ቢጫ ነገር አብረቀረቀ። ቀለበቱ ነው አልኩ። አባቴ ቀለበት ኖሮት አያውቅም።

"ልጄን!" አለች አክስቴ። ወንድሟን ነው እንዲህ የምታየው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥፋተኛው የሰባት ዓመት ልጅ ናት ቢባል ልጅነቷን ቆሞ የሚያይ ዓይን አልነበረም፤ አባቴ ያንን ከማንም በፊት አይቶት ነበር።

እኔ ደግሞ ምን አየሁ? ጉንጬ ተቃጠለ። ሥራዬን ሰረቀኝ! እሱ እንግዳው ይራብ ያለ፣ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት እኔ አበላሁት ይላል! ለካ ያስማለኝም ለዚህ ነው!

አርያሚትራ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

"ሸንጎው ይስማ። ናንዲሴና ከእሳታችንና ከውኃችን ይውጣ። እሳት የሚሰጠው፣ ውኃ የሚቀዳለት፣ ስሙን የሚጠራ አይኑር። የሚስማማ ዝም ይበል፤ የሚቃወም ይናገር።"

ዝም ተባለ።

"ሁለተኛ እጠይቃለሁ።"

ዝም ተባለ። አባቴ አሁን አየኝ። ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። እኔ ለመሐላዬ ብዬ ዝም አላልኩም። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬአለሁ። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው። እንኳን፣ ይበለው፣ አልኩ በልቤ።

"ሦስተኛ እጠይቃለሁ።"

ጥምጥሙን አወለቁት። ራሱ ከላይ መላጣ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሲወጣ ምሰሶው ሥር ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ባዶውን ቁርጭምጭሚቴን በሁለት ጣቱ ነካ። "ብርድ እንዳይመታሽ" አለኝ። ፊቴን አዞርኩበት።

ለብዙ ወራት ወንዙ ዳር እየወረድኩ ጠበቅኩት። ሌላ አልቦ ሊያሠራልኝ ከተማ የሄደ መስሎኝ ነበር። ስሙን የሚጠራ ስላልነበረ ማንም አላረመኝም። በዚያ ዓመት ሸንጎው ተፈታ። አዳራሹ የንጉሡ ሹም የእህል ጎተራ ሆነ፤ ከስድስት ነዶ አንዱ እዚያ ይገባል። ወጣቶቻችን ወደ ደቡብ ዘመቱ፤ ስማቸውን ሰምተነው የማናውቀው ነገሥታት ተማርከው ሲለቀቁ፣ የእኛዎቹን የለቀቃቸው የለም። አክስቴ አሳድጋኛለች፤ እርጎዋን ሰጥታ፣ ፀጉሬን ሠርታ። እስክትሞት ድረስም በየማለዳው ወንድሟን ስትረግም አጠገቧ ተቀምጬ እህል እለቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ገባኝ። ሰማይ ጥርት ባለ ቀን፣ በምንም ምክንያት አይደለም፣ ገብስ እየለቀምኩ ሳለ ገባኝ። ያኔም አልተናገርኩም። አሁን ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው።

ሸንጎዎች ሲሞቱ ሥርዓታቸው የተረፈው በእኛ በመነኮሳቱ ዘንድ ነው። ለዚህ ይሆናል እዚህ የገባሁት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስበን ሕጉ ይነበባል፤ አንባቢዋ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ ዝምታ ንጽሕና ነው። እኔ በክርክር የማልታማ፣ ስንት ምሁር አፍ ያስያዝኩ ሴት፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም እላለሁ። ባለቅኔው ስንኙን ሳያርም ሄደ። ዓምዱ ተተክሏል አሉ። እሱን ዋሾ ለማለት ምን መብት ነበረኝ?

ትናንት ጨረቃ ሞልታ ነበር። ከቀትር በኋላ ተሰበሰብን።

"እህቶች፣ ንጹሐን ናችሁን?" አለች አንባቢዋ። "ሁለተኛ እጠይቃለሁ።" ወጣት ናት፤ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። "ሦስተኛ እጠይቃለሁ። እህቶች ዝም ብለዋልና ንጹሐን..."

ተነሳሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሁሉም ዞሩ።

"ናንዲሴና" አልኩ፤ ስሙን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልጠራውም ነበር። "ናንዲሴና ከእሳትና ከውኃ ይውጣ የተባለውን እቃወማለሁ።"